አሮጌው ቤት ፈርሶ ሲሠራ ምን ይቀራል? የባሕር ዳር መሐል ከተማ ጉዳይ

በ2017 ዓ.ም. የጎንደሩ ፋሲል ግቢ እድሳት ለሕዝብ ሲታይ፣ የግንቡ አዲስ መልክ ብዙ ሰው አነጋገረ። የምናውቀው ድንጋይ የት ሄደ ያለ ነበር። ግንቡ ድሮም በኖራ የተለሰነ ነው፣ አሁን የታየው የቀድሞ መልኩ ነው ብሎ የተከራከረም ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የአዲስ አበባ ፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ደግሞ ክርክሩ የባሰ ነበር። እዚያ ሰው የተጨነቀው ቤቶቹ ጭራሽ ይኑሩ ወይስ ይሂዱ በሚለው ነው።

አሁን ሁለቱም ጥያቄዎች ጣና ዳር ደርሰዋል። የኮሪደር ልማት ባሕር ዳርንም ይዟል። ኮሪደር ልማት ሲባል ዋና ዋና መንገዶችን ተከትሎ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ፣ መብራትና አረንጓዴ ቦታ መሥራት፣ የሕንጻዎችንም ፊት ማስተካከል ማለት ነው። በዚህ ሥራና በግል ግንባታ መካከል የመሐል ከተማው አሮጌ መኖሪያ ቤቶች እጣ ፈንታ የየሰፈሩ ወሬ ሆኗል።

ወሬው ግን ብዙ ጊዜ ይምታታል። ጣሪያው የተቀየረለትም፣ ፊቱ ብቻ የተለሰነውም፣ ከመሠረቱ ፈርሶ የተሠራውም እኩል ታደሰ ይባላል። ባለሙያዎች እነዚህን ይለያዩአቸዋል። ጥገና ማለት ያለውን ነገር ሳይለውጡ የተጎዳውን ክፍል ብቻ መጠገን ነው። እድሳት ማለት ቤቱ ወደሚታወቅ የቀድሞ ይዞታው እንዲመለስ የተጨመረበትን ማንሳትና የጎደለውን መሙላት ነው። መልሶ ግንባታ ግን የፈረሰን ቤት በቦታው ላይ እንደ አዲስ መሥራት ነው። ለድንጋይ ግንብ በነዚህ መካከል ያለው ድንበር ግልጽ ነው። ለባሕር ዳር የጭቃ ቤት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ለዚህም ምክንያት አለው።

ከተማዋ እንዴት ቆመች

ባሕር ዳር ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከከተማነቷ በፊት የቤተ ክርስቲያን መንደር ነበረች። ማዕከሏ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ነው። ነዋሪው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ፣ በሣር ክዳን ቤቶች ይኖር ነበር። በግቢው ውስጥ እስከ ዛሬ የቆመ አሮጌ ባለ ፎቅ የድንጋይ ሕንጻ አለ። ሕንጻው በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የነበረው ኢየሱሳዊ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ እንዳሠራው ይነገራል። ከዚያ ዘመን ሰው ይኖርባቸው ከነበሩት የመንደሩ ቤቶች ግን አንድም አልተረፈም። ድንጋይ ቀረ፣ እንጨትና ሣር ሄደ።

ሁለተኛው የታሪክ ድርብ የመጣው ከጣሊያን ጋር ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጣሊያኖች ቦታውን ለወታደርና ለአስተዳደር መረጡት። መንገድ፣ የጀልባ ማረፊያና አውሮፕላን ማረፊያ አስገቡ። የቆርቆሮ ክዳንና ባለ አራት ማዕዘን ቤት በዚህ ጊዜ ተስፋፋ። ክብ ቤት ከመሐል እየወጣ ሄደ።

ሦስተኛውና ትልቁ ድርብ የ1950ዎቹ ነው። በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1955 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1956 የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። በዚያው ዘመን የጀርመን ባለሙያዎች የከተማዋን መሪ ፕላን አዘጋጁ። ዛሬ ባሕር ዳርን ውብ የሚያደርጓት ሰፋፊ ጎዳናዎችና የዘንባባ ረድፎች መነሻቸው ከዚህ ነው። ፋብሪካው ሠራተኛ ጠራ፣ ሠራተኛው ማደሪያ ፈለገ፣ ባለ ይዞታው ደግሞ ከዋናው ቤቱ ጀርባ የሚከራይ ክፍል ቀጠለ። ከመንገድ ዳር ሱቅ ወይም ሳሎን፣ ከኋላ በረድፍ የተቀጣጠሉ ሰርቪስ ክፍሎች፣ መሐሉ ላይ የጋራ ግቢ። ይህ አቀማመጥ ያኔ ተወለደ። የአሮጌው መሐል ከተማ ዋና ባሕርይ ይህ ግቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ቅርስ ሲወራ ግን ስሙ አይነሳም።

ከዚህ በኋላ የመጣው የሕዝብ ብዛት ነው። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 96,140 ነበር። በ1999 ቆጠራ የከተማ ነዋሪዋ 155,428 ደረሰ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሕዝቡ ከግማሽ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ግቢዎቹ ግን አልሰፉም። በአንድ ግቢ ላይ ሌላ ክፍል፣ በዚያ ላይ ሌላ ክፍል እየተቀጠለ ሄደ።

የጭቃ ቤት እድሜ

የባሕር ዳር አሮጌ ቤት አብዛኛው የእንጨትና የጭቃ ነው። ቋሚው መሬት ውስጥ ይተከላል። ማገር በአግድም ይመታበታል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ለቀናት ተረግጦ ሲበስል ይመረጋል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን የሚደፍን ሁለተኛ ምርጊት ይከተላል። መጨረሻ ላይ ሊጡ የቀጠነ ልስን ይሆናል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ጥሩ ቤት ከሥሩ የድንጋይ መሠረት አለው፤ የአካባቢው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለዚህ ይመቻል።

ይህን ቤት የሚበሉት ጠላቶች ይታወቃሉ። አንዱ ምስጥ ነው። ሌላው ዝናብ ነው። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፤ የሚበዛው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። የቤቱ ግርጌ በነዚያ ወራት ከላይ ይረጠባል፣ ከታች ደግሞ እርጥበት ይስባል። ሦስተኛው አፈሩ ነው። ጥቁሩ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ከላዩ ያለውን ግድግዳም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል።

ስለዚህ የጭቃ ቤት ሳይነካ የሚኖር ነገር አይደለም። ክረምት ሲወጣ ግርጌው ይመረጋል። ለዓመት በዓል ወይም ለሠርግ ይለሰናል፣ ይቀባል። የበሰበሰ ቋሚ ከጎኑ አዲስ ይተከልለታል። ሃምሳ ዓመት የቆመ ቤት ቢፈተሽ ከመጀመሪያው ጭቃ የቀረው ጥቂት ሊሆን ይችላል። ቤቱ ግን ያው ነው። በሩ እዚያው፣ በረንዳው እዚያው፣ ግቢው ያው።

እዚህ ላይ ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ መርሆዎች ሁለት ልብ ይሆናሉ። በእ.ኤ.አ. 1964 በቬኒስ የተዘጋጀው ቻርተር የመጀመሪያውን ቁስ መጠበቅን ያስቀድማል። እድሳት ግምት የሚጀምርበት ቦታ ላይ መቆም አለበት ይላል። አዲስ የተተካው ክፍልም ከአሮጌው መለየት አለበት። ይህ የተጻፈው በዋናነት ድንጋይ ታስቦ ነው። በእ.ኤ.አ. 1994 በጃፓኗ ናራ የወጣው ሰነድ ግን ሐሳቡን አሰፋው። እውነተኛነት በቁሱ ብቻ አይለካም አለ። ቅርጽ፣ አገልግሎት፣ የአሠራር ወግና ቦታም ይቆጠራሉ። ጃፓኖች የእንጨት ቤተ መቅደሶቻቸውን እየፈቱ ስለሚጠግኑ ነው ይህን የገፉት። የጭቃ ቤት ባለቤት የሆንን እኛም በዚህ መንገድ ብናስብ ይሻለናል።

የአሠራር ወግ ሲባል የስሜት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ዛሬ አሮጌ ቤትን ለማሳመር የሚመረጠው ቀላል መንገድ ጭቃውን በስሚንቶ መለሰን ነው። ፊቱ ያምራል። ግን ስሚንቶና ጭቃ አይዋደዱም። ጭቃ እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣልም። ስሚንቶ ይዘጋዋል። ከግርጌ የገባው ውሃ መውጫ ሲያጣ ቋሚው ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። ጥቂት ክረምት እንዳለፈ ልስኑ በትልቅ በትልቁ እየተላቀቀ ይወድቃል፤ የተደበቀው ብስባሽም ያኔ ይታያል። ኖራ ግን ትንሽ ትንሽ ያስተነፍሳል። የጎንደር ግንቦችም ይህ ደርሶባቸዋል። በጣሊያን ዘመን ስሚንቶና አርማታ እየገባ ተጠግነው ነበር። በኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ በተደረገው ሥራ ያ ስሚንቶ እየተነሳ በኖራ ተተክቷል። ለሦስት መቶ ዓመት የድንጋይ ግንብ ያልተስማማ ነገር ለጭቃ ግድግዳ ይስማማል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

የቀበሌው ቤት ለምን አረጀ

አሮጌው መሐል ከተማ ለምን እንዲህ ተጎሳቆለ ሲባል ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ ድህነት የሚል ነው። ድህነት አለ። ነገር ግን ከድህነት ባልተናነሰ ይህን ያመጣው የባለቤትነት ታሪክ ነው።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይዞ ይቀራል። ሌላው ትርፍ ተብሎ ያለ ካሳ ተወረሰ። በወር ከ100 ብር በላይ የሚከራየው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። ከዚያ በታች ያለው ለቀበሌ ተሰጠ። የኪራዩም መጠን እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። ለተከራዩ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ሊካድ አይገባውም። ብዙ ሺህ ድሃ ቤተሰብ ከተማ መሐል ሊኖር የቻለው በዚህ ነው።

ለቤቱ ግን የቁልቁለት መጀመሪያ ሆነ። ያ ቀደም ብለን ያየነው ግቢ ሁለት ባለቤት አገኘ። ፊት ያለው ቤት የግል ቀረ፣ ከኋላው ያሉት ሰርቪስ ክፍሎች የቀበሌ ሆኑ። የቀበሌው ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ቆየ። ብር ዋጋ ሲያጣ ገቢው አንድ የጣሪያ ቆርቆሮ የማይገዛ ሆነ። ቀበሌው ሊጠግን አቅም አጣ። ተከራዩስ? ቤቱ የሱ አይደለም። ያለ ፈቃድ ግድግዳ ቢነካ ያስጠይቀዋል። ፈቃድ አግኝቶ ገንዘቡን ቢያፈስ ደግሞ ነገ ሲነሳ ያወጣው ገንዘብ ላይመለስለት ይችላል። ስለዚህ የሚያደርገው ዛሬን የሚያሳልፍለትን ብቻ ነው። የሚያፈሰው ጣሪያ ላይ ላስቲክ ይጥላል፣ የተቦረቦረውን በጭቃ ይደፍናል።

የጭቃ ቤት እድሜው ያለው በየዓመቱ ጥገና ላይ ነው ብለናል። ጥገናው የማንም ሥራ ያልሆነበት ቤት መውደቁ አይቀርም። ከዚያ ባለሙያ መጥቶ ያያል፤ ያረጀና ለነዋሪው አደገኛ የሆነ ቤት ብሎ ይጽፋል። የጻፈው እውነት ነው። እንዲህ ያደረገው ምን እንደሆነ ግን ሪፖርቱ ላይ አይጻፍም።

የግል የቀሩት ቤቶችም የራሳቸው ቋጠሮ አለባቸው። ካርታው በአያት ስም ነው። ወራሾቹ ሰባት ስምንት ናቸው፤ ገሚሱ አዲስ አበባ፣ ገሚሱ ውጭ አገር። አንዱ መጠገን ሲፈልግ ሌላው መሸጥ ይፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ሊዝ ማለት ቦታውን ለተወሰነ ዘመን፣ በክፍያ ከመንግሥት መያዝ ነው። የገዛው ሰው ለቦታው ዋጋ ከከፈለ በኋላ አንድ ፎቅ የጭቃ ቤት ይዞ ሊቀመጥ አያዋጣውም። ጂ ፕላስ አራት፣ ጂ ፕላስ አምስት ያስባል። የከተማ ፕላንም በዋና መንገድ ዳር ዝቅተኛ የፎቅ ብዛት ስለሚያስቀምጥ፣ አሮጌውን ባለበት ይዞ ማሻሻል የፈለገ ሰው ፈቃድ ለማግኘት ይቸገራል።

እዚህ ላይ የወይጦ ማኅበረሰብን ሳያነሱ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ጣና ዳር ከኖሩት ነባሮች ናቸው። ኑሯቸው ከሐይቁ ጋር ነው፤ የደንገል ታንኳ ሥራም የሚታወቀው በነሱ እጅ ነው። ከተማዋ ስትሰፋና የሐይቁ ዳር ዋጋ ሲያወጣ ሠፈራቸውን ደጋግመው እንዲለቁ ሆነዋል። የነሱ ቤት በየትኛውም የቅርስ መዝገብ ሊገባ የሚችል ግንብ የለውም። ቅርስን በድንጋይ ብቻ ስንለካ ማን ከታሪክ እንደሚወጣ ይህ በደንብ ያሳያል።

ከመሠረቱ የተሠራው የፍራንክፈርት ቤት

መልሶ የተገነባ መኖሪያ ቤት የታሪክ ዋጋ ሊኖረው ይችላል ወይ ለሚለው፣ በዓለም ላይ ብዙ የተወራለት አንድ ቤት አለ። የጀርመኑ ባለቅኔ የጎተ ቤት ነው። በፍራንክፈርት አሮጌ መሐል ከተማ ይገኛል። ጎተ በእ.ኤ.አ. 1749 የተወለደው እዚያ ነው። ያኔ ቤቱ ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ አሮጌ ቤቶች ነበር። በ1755 አባቱ ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ትልቅ ቤት አደረጋቸው። የላይኛዎቹ ፎቆች በእንጨት የተዋቀሩ ናቸው፤ በእንጨቱ መካከል ያለው ክፍተት ተሞልቶ ይለሰናል። የኛ አገር የእንጨትና የጭቃ ቤት የሩቅ ዘመድ ልንለው እንችላለን። ቤተሰቡ ቤቱን በ1795 ሸጠው። በ1863 አንድ የባህል ማኅበር ገዝቶ መጠበቅ ጀመረ።

መጋቢት 1944 የአየር ድብደባ ቤቱን አወደመው። ቀኑ ጎተ ከሞተበት ቀን ጋር ገጥሞ ነበር። ማኅበሩ ግን የቤት ዕቃውን፣ ሥዕሉንና መጻሕፍቱን አስቀድሞ አሽሽቷቸው ነበር። የቤቱ ልኬትና ፎቶግራፍም ተርፏል። ከ1947 እስከ 1951 ባለው ጊዜ ቤቱ እንደነበረ ተሠራ።

ይህ ሁሉም የተስማማበት ነገር አልነበረም። ዋልተር ዲርክስ የተባለ ጸሐፊ አጥብቆ ተቃወመ። የቤቱ መውደም የጀርመን የራሷ ታሪክ ውጤት ነው፤ እንዳልሆነ አድርጎ መልሶ ማቆም ያንን መሸሽ ነው የሚል ነበር ሐሳቡ። ክርክሩ ከባድ ነው፤ ዛሬም አልሞተም። ሌሎቹ ደግሞ ዕቃውና ሰነዱ እያለ ቤት መንፈግ ምን ትርጉም አለው አሉ። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። አብዛኛው ግድግዳ ከሰባ ጥቂት ዓመት ብዙም እንደማያልፍ ማንም አይደብቅም።

በዋርሶ የሆነው ከዚህ ይሰፋል። በጦርነቱ ከአሮጌው መሐል ከተማ ከ85 በመቶ በላይ ወደመ። ነዋሪውና ባለሙያው ተባብሮ መልሶ ሠራው። መሪ የሆናቸው የ18ኛው መቶ ዘመን ሥዕልና ከጦርነቱ በፊት የሥነ ሕንጻ ተማሪዎች ያነሷቸው ልኬቶች ናቸው። የቤቶቹ ፊት እንደ ቀድሞው ሆነ። ከውስጥ ግን ዘመናዊ መኖሪያ ሆነው ሰው ገባባቸው። በእ.ኤ.አ. 1980 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ሲመዘግበውም መልሶ የተሠራ መሆኑን አውቆ፣ የመልሶ ግንባታውን ሥራ ራሱን አክብሮ ነው።

ሁለቱም ቦታ ሥራውን የቻለው ከመፍረሱ በፊት የተሰበሰበ መረጃ ነው። ገንዘብ በኋላ ተገኘ። ልኬትና ፎቶ ግን ቤቱ ከወደቀ በኋላ ከየትም አይገኝም።

የሚጋጩት ሐሳቦች

በባሕር ዳር ጉዳይ የልማቱ ደጋፊዎች የሚያነሱት ነጥብ ቀላል አይደለም። በአንድ መጸዳጃ አሥር ቤተሰብ የሚጠቀምበት ግቢ ቅርስ ነው ብሎ ነዋሪውን እዚያ ማስቀመጥ ግፍ ነው ይላሉ። እሳት ቢነሳ መኪና አይገባም። ፍሳሹ ወደ ሐይቁ ይሄዳል፤ ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ቀጠና ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፣ በእምቦጭ ደግሞ እየተሠቃየ ነው። ወደ ውሃው የሚገባ ፍሳሽ አረሙን ይመግባል። መሐል ከተማን ባለ አንድ ፎቅ አድርጎ መተውም ከተማዋን ወደ እርሻ መሬት እንድትሰፋ ይገፋታል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው።

የቅርስ ወገኖች ደግሞ ከተማ መልኳን ካጣች ከሌላው ከተማ በምን ትለያለች ይላሉ። ቱሪስት ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው ለገዳማቱና ለጢስ ዓባይ ቢሆንም፣ የሚያድረውና የሚመላለሰው ከተማ ውስጥ ነው። መስታወት ለብሶ የቆመ ሕንጻ የትም አለ። ይህም እውነት ነው። የዚህ ወገን ድክመት ግን አለ። ብዙ ጊዜ የሚሟገተው ለቤቱ ፊት ነው፤ ውስጡ ማን እንዴት እንደሚኖር ብዙ አይጠይቅም።

ነዋሪው ሲጠየቅ የሚያነሳው ከሁለቱም ይለያል። የሚጨነቀው ስለ ቦታው ነው። ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ፣ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታቀርብ እናት ገበያዋ እግሯ ሥር ነው። ዳር ከተማ ላይ ሰፊና ንጹሕ ቤት ቢሰጣት የትራንስፖርቱ ወጪ ትርፏን ይበላዋል። እድሯ፣ ማኅበሯ፣ የልጆቿ ትምህርት ቤት መሐል ከተማ ነው። የድሮው ግቢ ችግሩ ብዙ ነው፤ ግን ልጅ የሚጠብቅ ጎረቤት፣ እህል የሚሰጣበት ሜዳ፣ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ነበረው። በፎቅ ቤት ዲዛይን ውስጥ ይህ ቦታ ይረሳል።

እኔ ሦስቱን ሳመዛዝን ሚዛኑ ወደ ነዋሪው ያደላብኛል። የጭቃ ግድግዳ ይተካል፤ ሲተካም ኖሯል። መጸዳጃና የእሳት መውጫ የሌለው ቤት መለወጥ አለበት። ግን ግድግዳውን ሲለስን፣ ጣሪያውን ሲደፍን የኖረው ሰው ከቦታው ከወጣ፣ በቦታው ላይ የቀድሞውን የሚመስል በረንዳ ቢሠራ የሚቀረው ቅርጹ ብቻ ነው።

ሕጉ የት ድረስ ይሄዳል

የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሆነን ነገር ለመጠገንና ለማደስ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ባለቤቱም እንዲጠብቅ ያስገድዳል። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርሶች በብሔራዊና በክልላዊ ደረጃ እንዲመደቡ አድርጓል። ችግሩ ሁለቱም የሚሠሩት ለተመዘገበ ነገር መሆኑ ነው። የ1950ዎቹ የሠራተኛ ግቢ ቅርስ ነው ብሎ ለማስመዝገብ የሚነሳ ሰው የለም።

በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ቦታ ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ በላዩ ላለ ንብረት ካሳ ይከፈላል፤ ለመሬቱ ለራሱ ግን አይከፈልም። አዋጁ ብዙ የማይወራለት አንድ ነገርም አለው። ባለ ይዞታው አቅም ካለው፣ በፕላኑ መሠረት ቦታውን ራሱ እንዲያለማ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ወራሾች ተስማምተው ወይም ጎረቤታሞች ይዞታቸውን አጣምረው ቢቀርቡ ይህ ትልቅ በር ነው። ሰው ግን ወይ አያውቀው፣ ወይ የባንክ ብድር አያገኝ፣ ወይ ጊዜው ያጥረዋል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ባለ ንብረት አይደለም። ምትክ መኖሪያ ቢያገኝ እንጂ የቤት ካሳ ጠያቂ ሊሆን አይችልም። ሃምሳ ዓመት በገዛ እጁ ሲመርገው የኖረ ቢሆንም።

ከዚህ በኋላ ምን ሊመጣ ይችላል

አካሄዱ እንዳለ ከቀጠለ የሚሆነውን መገመት አይከብድም። ከዋና መንገድ ዳር ያሉት በፎቅ ይተካሉ። ከመንገዱ ገባ ያሉት ፊታቸው በስሚንቶ ተለስኖ አንድ ዓይነት ቀለም ይቀባሉ፤ ከጥቂት ክረምት በኋላም ችግራቸው ይገለጣል። ውስጥ ለውስጥ ያሉት የቀበሌ ክፍሎች ጥገና ሳያገኙ ተራቸውን ይጠብቃሉ። በቅርብ ዓመታት ውስጥ የግቢው አቀማመጥ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ አንድ ሙሉ ናሙና ላይቀር ይችላል።

ሌላ መንገድ ግን አለ፤ ውድም አይደለም። የመጀመሪያው፣ የማፍረስ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት መለካትን ግዴታ ማድረግ ነው። የወለል ፕላን፣ የአራቱም ጎን ፎቶ፣ የበርና የመስኮት ልክ፣ የግድግዳው አሠራር፣ ማን መቼ ሠራው፣ ማን ኖረበት። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንጻም፣ የመሬት አስተዳደርም ተማሪዎች አሉት። አንድን ግቢ ለመለካት ሜትርና ስልክ የያዙ ጥቂት ተማሪዎች ይበቃሉ። የዋርሶን ቤቶች ያስነሳው ይህን የመሰለ የተማሪ ሥራ ነው።

ሁለተኛው የቀበሌ ቤት ተከራይ እንዲጠግን በጽሑፍ መፍቀድና ያወጣውን ወጪ መመዝገብ ነው። ሲነሳ ያ ወጪ ይታሰብለታል ከተባለ፣ ላስቲክ የሚጥለው ሰው ቆርቆሮ ይገዛል። ሦስተኛው በቁሳቁሱ ላይ ነው። የከተማው አስተዳደር ፊታቸው እንዲስተካከል ለሚያዛቸው የጭቃ ቤቶች ስሚንቶን ሳይሆን የጭቃና የኖራ ልስንን ቢያዝ ወጪው ብዙም አይለይም። ምርጊት የሚያውቁ ሰዎችም ዛሬም አሉ፤ ብዙዎቹ ግን እድሜያቸው ገፍቷል።

አራተኛው ይከብዳል። በቦታው ላይ ፎቅ ሲሠራ መሐሉ ላይ የጋራ ግቢ እንዲቀር፣ ከታች ያለው ወለል ደግሞ በትንንሹ እየተከፈለ ለቀድሞው ሱቅ፣ ጠላ ቤትና እንጀራ ቤት ቅድሚያ እንዲሰጥ የግንባታ ደንቡ ላይ መጻፍ ይጠይቃል። አልሚው የሚከራይ ስፋት ስለሚቀንስበት ይቃወማል፤ የሊዝ ዋጋው ካልተቀነሰለት ወይም ፎቅ ካልተጨመረለት አይቀበለውም። ይህን ድርድር ማድረግ የሚችለው የከተማው አስተዳደር ብቻ ነው። ድርድሩ ትርጉም የሚኖረው ደግሞ ቦታው ለአልሚ ከመተላለፉ በፊት ነው። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ደንብ ቢወጣ ለዚያ ቦታ አይሠራም።